ምን ሆኖ ነው የተሞላው? የአንባቢያን ጥያቄዎች ስለ ጥርስ ሕክምና መዝገብ

ስለ ጥርስ ሕክምና የሚደርሱን ጥያቄዎች መነሻቸው ይለያይ እንጂ ብዙዎቹ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ፦ ሐኪሙ ያየውን በምን ቃል መዘገበው? ጥርስ ላይ የተሠራው ሥራ በየኮምፒውተሩ ተጽፎ ይገኛል። የተሠራበት ምክንያት ግን ወይ አልተጻፈም፣ ወይ ከጸሐፊው በቀር ማንም በማይረዳው አጻጻፍ ተቀብሯል። የዚህን ወር አምድ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የጥርስ ክሊኒክ ፍሮንት ዴስክ እሠራለሁ። ሐኪማችን በቅርቡ ሶፍትዌሩን አስተካክለው ማንኛውም የሕክምና ዕቅድ ከመመዝገቡ በፊት የዳያግኖሲስ፣ ማለትም የበሽታ ልየታ፣ ኮድ እንድንመርጥ አድርገዋል። ኢንሹራንሶቹ የሚከፍሉት በሲዲቲ ኮድ ነው፤ ዳያግኖሲስ ሳንጽፍ ስንት ዓመት ሠርተናል። ይህ ተጨማሪ ሥራ ለምን አስፈለገ? በትክክል የሚሠራውስ እንዴት ነው?

መልስ፦ በቅድሚያ አንድ ነገር ይታረም። ዳያግኖሲስ መምረጥ የፍሮንት ዴስክ ሥራ አይደለም። የበሽታ ልየታ ሐኪም አይቶ፣ ነክቶና ራጅ አንብቦ የሚወስነው ስለሆነ ምርጫውም ፊርማውም የሐኪሙ መሆን አለበት። የእርስዎ ድርሻ የተመረጠው ኮድ ከትክክለኛው ጥርስና ከትክክለኛው ሥራ ጋር መያያዙን፣ ለኢንሹራንስ በሚላከው የክፍያ ጥያቄ፣ በክሌይሙ ላይም፣ በቦታው መግባቱን ማየት ነው። ሐኪማችሁ ምርጫውን ለእናንተ ትተውት ከሆነ በአክብሮት መልሱላቸው።

ለምን አስፈለገ ላሉት፣ ሲዲቲ የሥራ ዝርዝር ነው። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር መጀመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1969 ሲሆን፣ በ2000 ሂፓ በሚባለው የአሜሪካ የጤና መረጃ ሕግ ደንብ የጥርስ ሥራ በኤሌክትሮኒክ ክሌይም የሚላክበት ኮድ ሆነ። በሌላው የሕክምና ዘርፍ ሆድ የቀደደ ሐኪም ለምን እንደቀደደ ሳይጽፍ አይከፈለውም። ጥርስ ላይ ግን ዲ2392 ብሎ መላክ ይበቃል፦ የኋላ ጥርስ፣ ሁለት ገጽ፣ ኮምፖዚት በሚባለው ጥርስ መሳይ መሙያ ተሞላ። ምን ሆኖ? አዲስ ተቦርቡሮ ነው? አሮጌ ሙላት ተሰብሮ ነው? ከአሮጌው ሙላት ጠርዝ ሥር እንደገና ተበልቶ ነው? ወይስ ሰውየው ሌሊት ጥርሱን ሲያፋጭ ተፈልጦበት? አራቱም ዲ2392 ናቸው። ክሊኒኩ ከአምስት ዓመት በኋላ “የሞላናቸው ጥርሶች ለምን ተመልሰው ይመጣሉ?” ብሎ መዝገቡን ቢጠይቅ መልስ አያገኝም፤ ያልተጻፈ ነገር አይቆጠርማ።

“ምክንያቱን ኖት ላይ እንጽፈዋለን” የሚሉ አሉ። ይጻፋል፤ ግን አንዱ “ካቪቲ”፣ ሌላው “ዲኬይ”፣ ሦስተኛው “ካሪስ” ይላል፤ አራተኛው አንድ ፊደል ብቻ ጽፎ ያልፋል። ሰው ሁሉም የጥርስ መበስበስ መሆናቸውን ያውቃል፤ ለኮምፒውተሩ ግን አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የጋራ የቃላት ዝርዝር ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ዝርዝሮቹ ከአንድ በላይ መሆናቸው ሰውን ያደናግራል። ስኖዴንት የአሜሪካው ማኅበር ያዘጋጀው ሲሆን ስኖሜድ ሲቲ ከሚባለው ዓለም አቀፍ የሕክምና ቃላት ስብስብ ጋር የተሳሰረ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ቃላት ስላሉት ሐኪሙ ያየውን በዝርዝር ለመግለጽ ይመቻል። አይሲዲ-10 በሽታን ለመቁጠርና ለክፍያ የተሠራ መደብ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2015 ነው። ሦስተኛው ሃርቫርድን፣ የሳን ፍራንሲስኮውን የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲና የሂዩስተኑን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ጨምሮ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶች እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምረው ያዘጋጁት ኢዚኮድስ ነው፤ በኋላ ዴንታል ዳያግኖስቲክ ሲስተም ተብሏል። ከሺህ በላይ ቃላት በየመደቡ ተከፋፍለውበታል፤ ሐኪሙ በሽተኛው ወንበር ላይ እንዳለ ፈልጎ እንዲያገኝ ታስቦ የተሠራ ነው። የእናንተ ሶፍትዌር የሚያሳያችሁ ዝርዝር ከእነዚህ አንዱ ወይም በአንዱ ላይ የተሠራ አጭር ዝርዝር ነው። የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ፤ ስኖዴንት መርጦ ክሌይም ላይ ለመጻፍ መጀመሪያ ወደ አይሲዲ መመንዘር ያስፈልጋል።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። አንድ ሰው የታችኛው ቀኝ የመጀመሪያ መንጋጋው፣ ማለትም ጥርስ ቁጥር 30፣ እንቅልፍ ነስቶት መጣ እንበል። መጀመሪያ የሚመዘገበው የታየው ነው፦ የጥርሶቹ ሥዕል ላይ 30ን መርጦ የቆየውን ሙላት “ነባር” ብሎ ማስገባት፣ የተቦረቦረውን ገጽ ማመልከት። ቀጥሎ የፍተሻው ውጤት ይገባል። ቀዝቃዛ ነገር ተነክቶ ከተነሣ በኋላ ሕመሙ 30 ሰከንድና ከዚያ በላይ ቆየ? ሲንኳኳ አመመው? ሲነክስበትስ? ጥርሱ ዙሪያ በስድስት ነጥብ የተለካው የድድ ኪስ ስንት ሚሊሜትር ነው? ራጁ ሥሩ ጫፍ ላይ ምን ያሳያል? ልየታው የሚመረጠው ይህ ሁሉ ከገባ በኋላ ነው። እዚህ ጥርስ ላይ ደግሞ ሁለት ልየታ ያስፈልጋል፤ አንዱ ለነርቩ፣ አንዱ ለሥሩ ጫፍ። ነርቩ ላይመለስ ከተቆጣ በአይሲዲ ኬ04.02 ነው፤ ቁጣው ወደ ሥሩ ጫፍ ወርዶ ሲንኳኳ የሚያም ከሆነ ኬ04.4 ይጨመራል። ከዚያ ሥራዎቹ፣ ማለትም ዲ3330 ሩት ካናል (የሥር ውስጥ ሕክምና)፣ ዲ2950 ቢልድአፕ (የጥርሱን አካል መልሶ መገንባት) እና ዲ2740 ክራውን (ሙሉ ሽፋን)፣ ከልየታው ጋር ይያያዛሉ። ሐኪሙ ይፈርማል።

የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ነው። ክራውን ተወስኖ ካለቀ በኋላ ለክራውን የሚመች ልየታ ይፈለጋል። ያኔ መዝገቡ የሚናገረው ስለ ጥርሱ ሳይሆን ስለ ክፍያው ይሆናል። ሁለተኛው ጥፋት ሶፍትዌሩ “ሳይመረጥ አላልፍም” ሲል ከዝርዝሩ አናት ላይ ያለውን ነክቶ ማለፍ ነው። በወሩ መጨረሻ ልየታዎቹን ደርድረው ቢያዩ ግማሹ ኬ02.9፣ ማለትም “ያልተለየ ካሪስ” ከሆነ ማንም እየለየ አይደለም ማለት ነው። የጥርሱ ውጫዊ ሽፋን ኢናሜል ላይ የቀረውን ኬ02.51፣ ከሥሩ ያለው ዴንቲን የደረሰውን ኬ02.52፣ ነርቭ የነካውን ኬ02.53 ብሎ መለየት በመንጋጋ ጉድጓድ ላይ ላለ ካሪስ የአንድ ሰከንድ ሥራ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ዝም ብሎ የሚከማች ጥፋት ነው፦ ጥርሱ ከተነቀለ ሁለት ዓመት ሆኖት ልየታው ግን “ያልተፈታ” እንደተባለ ይቀራል።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ የአይሲዲ ኮድ የጥርስ ቁጥር የለውም። ኬ04.02 የትኛው ጥርስ እንደሆነ አይናገርም፤ የሚናገረው ከጥርሱ ጋር የተያያዘበት መስመር ብቻ ነው። ያ መስመር ከተበጠሰ ልየታው ባዶ ቃል ነው።

ክሌይሙን በተመለከተ፣ ከ2012ቱ የማኅበሩ ቅጽ ጀምሮ በ34ኤ ሣጥን እስከ አራት የልየታ ኮድ ይገባል፤ 34 ላይ የሚጻፈው “ኤቢ” ኮዱ አይሲዲ-10 መሆኑን ይገልጻል። 29ኤ ላይ እያንዳንዱ ሥራ ከአራቱ የትኛው ልየታ እንደሚመለከተው በፊደል ይጠቆማል። ብዙ የጥርስ ኢንሹራንሶች ይህን አስገዳጅ አላደረጉትም። ቢሆንም ልየታው “ጂንጂቫይቲስ”፣ ማለትም አጥንት ያልነካ የድድ መቆጣት ሆኖ ሥራው ዲ4341፣ ማለትም የሥር ጽዳት ከሆነ መዝገቡ ራሱን ይቃረናል፤ የሥር ጽዳት አጥንት ለበላ የድድ በሽታ የሚሠራ ነውና። በአደጋ ለተሰበረ ጥርስ ወደ ጤና ኢንሹራንስ ሲላክማ ያለ ልየታ ኮድ ነገሩ ከበር ይመለሳል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ እያለሁ የሄድኩበት ክሊኒክ የሰጠኝ ወረቀት “14፣ ሩት ካናል ተጀምሯል” ይላል። እዚህ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ያሉት ሐኪም 14ን በራጅ አይተው ምንም ያልተነካ ጥርስ ነው አሉኝ። የተሳሳተው የትኛው ነው?

መልስ፦ ማንም አልተሳሳተም፤ ሁለቱ የሚቆጥሩት በተለያየ መንገድ ነው። የአዲስ አበባው ወረቀት የተጻፈው በዓለም አቀፉ የኤፍዲአይ ቁጥር፣ ማለትም በአይኤስኦ 3950 መሆኑ ከሐኪምዎ መልስ ይታያል። በዚያ አቆጣጠር 14 “አሥራ አራት” ተብሎ አይነበብም፤ “አንድ አራት” ነው። አንድ ማለት የላይኛው ቀኝ ሩብ፣ አራት ማለት ከመሐል ፊት ጥርስ ጀምሮ አራተኛው ጥርስ። አሜሪካ ውስጥ ግን ጥርሶች ከላይኛው ቀኝ የአእምሮ ጥርስ ተነሥተው ከ1 እስከ 32 በተርታ ይቆጠራሉ፤ 14 የላይኛው ግራ የመጀመሪያ መንጋጋ ነው። የእርስዎ ጥርስ በአሜሪካው 5 ቁጥር ነው።

መመንዘሪያው ቀላል ነው። የኤፍዲአይውን ሁለተኛ አኃዝ ይያዙ። መጀመሪያው አኃዝ 1 ከሆነ ከ9 ይቀንሱት፤ 2 ከሆነ 8 ይጨምሩበት፤ 3 ከሆነ ከ25 ይቀንሱት፤ 4 ከሆነ 24 ይጨምሩበት። ስለዚህ 46 ማለት 24 ሲደመር 6፣ 30 ቁጥር ነው። 37 ደግሞ 25 ሲቀነስ 7፣ 18 ቁጥር።

አደጋው በሁለቱም ዘዴ ውስጥ የሚገኙ ቁጥሮች መኖራቸው ነው፦ ከ11 እስከ 18፣ ከ21 እስከ 28፣ እንዲሁም 31 እና 32፣ በድምሩ 18 ቁጥሮች። ከ32 በላይ ያለ ቁጥር በአሜሪካው የተለመደ ስላልሆነ ያየው ሁሉ ይነቃል፤ 14 እና 18 ግን ማንንም ሳያስጠነቅቁ ያልፋሉ። “18 ይነቀል” የሚል ወረቀት በአንዱ ዘዴ የአእምሮ ጥርስ ነው፣ በሌላው የታችኛው ግራ ሁለተኛ መንጋጋ። ስለዚህ አገር አቋርጦ የሚሄድ ወረቀት ላይ ከቁጥሩ ጎን በቃል “የላይኛው ቀኝ፣ የመጀመሪያው ትንሽ መንጋጋ” ተብሎ ይጻፍ።

ይህን ለሐኪምዎ ዛሬውኑ ይንገሩ። የተጀመረ ሩት ካናል ላይ ያለው ጊዜያዊ ሙላት እየቆየ ሲሄድ ምራቅ ያስገባል፤ ጥርሱ ባያምም ውስጡ እንደገና ይመረዛል። ልየታውም “ሕክምና የተጀመረበት ጥርስ” የሚል የራሱ ስም አለው። ከተቻለ አዲስ አበባ ያለውን ክሊኒክ ውስጡ ምን መድኃኒት እንደተቀመጠና ስንት ካናል እንደተገኘ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ያደግሁት ወንጂ ነው፤ ጥርሶቼ የበለዙ ናቸው። በቅርቡ የሄድኩበት ክሊኒክ ስምንት ጥርሶቼ ላይ “ካቪቲ” ብሎ መዝግቦ የሚሞሉበትን ዋጋ ሰጠኝ። ጥርሶቼ ግን አሞኝ አያውቁም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ስምንቱም ካቪቲ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱም ላይሆን ይችላል። የሚያሳስበን ከስምጥ ሸለቆ ውጭ የሠለጠነ ሐኪም የወንጂን፣ የመተሐራን ወይም የዝዋይን ጥርስ አይቶ ላያውቅ መቻሉ ነው። በእነዚህ አካባቢዎች በጉድጓድ ውኃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊግራም በሊትር ልክ የሚያልፍበት ቦታ ብዙ ነው። ጥርስ ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ፣ በተለይ እስከ ስምንት ዓመት ዕድሜ ድረስ፣ ይህን ውኃ የጠጣ ልጅ ኢናሜሉ በደንብ ሳይጠነክር ይወጣል፤ መጀመሪያ ነጭ ነጠብጣብ፣ ከዚያ ቡኒ፣ ሲብስ የተቆፋፈረ ይሆናል። ስሙ ፍሎሮሲስ፣ ኮዱ ኬ00.3 ነው። ካሪስ ደግሞ ኬ02 ሥር ነው። ከበቀለ በኋላ በትምባሆ፣ በቡና ወይም በጫት የጠቆረ ጥርስ ሌላ ሦስተኛ ነገር ነው፤ ኬ03.6 ይባላል።

የሚለዩት እንዲህ ነው። ፍሎሮሲስ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይታያል፤ ቀኝ ያለው ጥርስ ላይ ያለው ግራ አቻው ላይም አለ፣ ምክንያቱም ሁለቱ የተሠሩት በአንድ ወቅት ነው። መስመሩ ወይም ደመናው የፊት ገጹን በሰፊው ይሸፍናል። ካሪስ የሚመርጠው ምግብ የሚቀመጥበትን ቦታ ነው፦ የመንጋጋን ጉድጓድ፣ በሁለት ጥርስ መካከል ያለውን፣ የድዱን ጥግ። እየሠራ ያለ ካሪስ ገጹ ሻካራና ልሙጥነት ያጣ ነው፤ ዴንቲን ከደረሰ ደግሞ ይለሰልሳል፣ በመካከል ከሆነም ተነክሶ በሚነሣው ባይትዊንግ ራጅ ላይ ጥላ ይጥላል። ግን የተቆፋፈረ ፍሎሮሲስ ውስጥ ካሪስ ሊገባ ይችላል፤ ስለዚህ በጅምላ “ሁሉም የውኃው ነው” ማለትም ትክክል አይደለም።

ክሊኒኩን ጥርስ በጥርስ ይጠይቁ፦ የትኛው ገጽ ላይ ነው? ራጅ ላይ ይታያል? አይሲዳስ በሚባለው ከ0 እስከ 6 የካሪስ መለኪያ ስንት ተሰጠው? 1 ወይም 2 የተባለ፣ ገና ያልተቦረቦረ ጥርስ በአብዛኛው አይሞላም፤ በፍሎራይድ ቫርኒሽና በክትትል ይያዛል። ከዚያም መዝገብዎ ላይ የት እንዳደጉና እስከ ስንት ዓመትዎ የዚያን አካባቢ ውኃ እንደጠጡ እንዲጻፍ ያድርጉ። ይህች አንድ መስመር ቀጥሎ የሚመጣውን ሐኪም ሁሉ ትረዳለች። “ካቪቲ” ተብሎ አንዴ የገባ ነገር ግን ካልታረመ ከመዝገብ ወደ መዝገብ እየተገለበጠ ዕድሜ ልክዎን ይከተልዎታል።

ጥያቄ፦ ልጄ ሕፃን ሳለች ተቅማጥና ትኩሳት ሲበረታባት አገር ቤት ታች በኩል ያሉት የክራንቻ ጥርሶቿ ገና ሳይበቅሉ ድዷ ተከፍቶ ወጥተውላታል። አሁን ስድስት ዓመቷ ነው። እዚህ ቅጹ ላይ “በተፈጥሮ የሌለ”፣ “የተነቀለ” እና “ያልበቀለ” ይላል። የትኛውን ልምረጥ? ለመናገርም አፍሬያለሁ።

መልስ፦ ይናገሩ፤ ለልጅዎ የሚጠቅማት ይኸው ነው። ድርጊቱ በኢትዮጵያም በሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ አገሮችም የታወቀ ነው፤ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በገቡ ቤተሰቦች ልጆች ላይም ተጠንቷል። “በተፈጥሮ የሌለ” አይምረጡ፤ ያ ኬ00.0 የሚባል ሌላ ልየታ ስለሆነ ሐኪሙን ቋሚ ጥርሶቿም አይኖሩ ይሆን ወደሚል ፍለጋ ይወስደዋል። “ያልበቀለ” ከተባለ ደግሞ የማይመጣ ጥርስ ይጠበቃል። ምንም ሳይብራራ ከቀረ የአደጋ ጉዳት ተብሎ ሊነበብ ይችላል። “የተነቀለ” የሚለውን ይምረጡና ከሥሩ እንዲህ ይጻፍ፦ በሕፃንነቷ፣ በዚህ ወር ዕድሜዋ፣ ከመብቀሉ በፊት ድዱ ተከፍቶ የወጣ፤ በአሜሪካው አቆጣጠር ጥርስ ኤም እና አር፣ በኤፍዲአይ 73 እና 83።

ዝርዝሩ የሚያስፈልገው ከሥር ያለው የቋሚው ጥርስ ቡቃያ አብሮ ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል ነው። የታችኛው ቋሚ ክራንቻ ብዙውን ጊዜ ከ9 እስከ 10 ዓመት ይበቅላል። ከዚያ በፊት በራጅ መኖሩንና አቅጣጫውን ማየት፣ ጎረቤት ጥርሶች ቦታውን እንዳይዙበት መከታተል ይገባል።

ጥያቄ፦ ክሊኒክ ልቀይር ነው። መዝገቤን ስጠይቅ “ሂሳብህን ሳትጨርስ አንሰጥም” አሉኝ። ይችላሉ? ምን ምንስ ልጠይቅ?

መልስ፦ አሜሪካ ውስጥ ሂፓ የሚመለከተው ክሊኒክ ባልተከፈለ ሂሳብ ምክንያት መዝገብዎን ሊይዝብዎ አይችልም። በጽሑፍ ከጠየቁ በ30 ቀን ውስጥ መስጠት አለበት፤ ምክንያቱን በጽሑፍ ገልጾ አንድ ጊዜ ብቻ ሌላ 30 ቀን ሊጨምር ይችላል። ሊያስከፍል የሚችለው የመገልበጫውን፣ የዕቃውንና የፖስታውን ተመጣጣኝ ወጪ ነው፤ “ፈልገን ስላገኘንልህ” ተብሎ አይከፈልም።

“መዝገቤን ስጡኝ” ብቻ ካሉ የሥራና የክፍያ ዝርዝር አትመው ሊሰጡዎት ይችላሉ። በስም ለይተው ይጠይቁ፦ የጥርሶቹ ሥዕል ከነነባር ሥራው፣ ከሁሉም ቀን የድድ ኪስ ልኬት፣ የሐኪሙ ኖት፣ የልየታ ዝርዝር፣ ያልተሠራ የሕክምና ዕቅድ፣ የጤና ታሪክና የመድኃኒት ቅጽ፣ እና ራጆቹ በዳይኮም (የሕክምና ምስል) ፋይል። ወረቀት ላይ የታተመ ራጅ አይጠቅምም። እንደ ተራ ፎቶ በጄፔግ የተላከም ቀኑንና የሰውየውን ስም ይዞ አይጓዝም፤ ተገልብጦ ቢቀመጥ ግራው ቀኝ መስሎ ይነበባል። ኢንሹራንሶች ሙሉ የአፍ ራጅን ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት አንዴ ብቻ ስለሚከፍሉ አሮጌው ካልመጣ ወጪው የእርስዎ ነው፤ ጨረሩም እንዲሁ።

ለእኛ አገር ሰዎች የሚጨመር አንድ ነገር አለ። “አልተገኘም” ከተባሉ ሁለት ፋይል እንደሌለዎት ያስፈትሹ። ገብረ መድኅን የሚል ስም አንዴ ተያይዞ፣ አንዴ ተለያይቶ ገብረ ስም፣ መድኅን የቤተሰብ ስም ሆኖ ይገባል። አንዱ ክሊኒክ የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም በመጨረሻ ስምነት ይይዛል። የልደት ዘመንም በእኛ አቆጣጠር ከተሞላ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይስታል። ግማሹ ታሪክ በአንዱ ስም፣ የፔኒሲሊን አለርጂው በሌላው ስም ተቀምጦ የሚገኝበት ጊዜ አለ። በፓስፖርትዎ ወይም በመታወቂያዎ ላይ ያለውን አጻጻፍ ይያዙ፣ ፋይሎቹም እንዲዋሃዱ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ እናቴ የጤና ቅጹ ላይ “የልብ ችግር” ብላ ጻፈች። ሐኪሙ ጥርስ ከመንቀሉ በፊት አንቲባዮቲክ ያስፈልጋታል አለ፤ ሌላው አያስፈልጋትም አለ።

መልስ፦ “የልብ ችግር” ልየታ አይደለም፤ ሁለቱም የየራሳቸውን ግምት ሞልተውበታል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር መመሪያ አንቲባዮቲክ የሚያዘው ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላላቸው ወይም ቫልቫቸው በሰው ሠራሽ ነገር ለተጠገነ፣ የልብ ውስጠኛ ግድግዳ ኢንፌክሽን ይዟቸው ለሚያውቅ፣ ለተወሰኑ የተፈጥሮ የልብ ጉድለቶችና ልብ ተተክሎላቸው ቫልቩ ለታመመ ሰዎች ነው። በአገራችን ብዙ ሰው የሚያጠቃው የሩማቲክ የልብ ሕመም ቫልቩ ካልተቀየረ ወይም እንዲህ ካልተጠገነ በራሱ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ከልብ ሐኪሟ የሕመሙን ትክክለኛ ስምና ቫልቩ መቀየር ወይም መጠገን አለመጠገኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ያምጡ። የደም ማቅጠኛ ትወስድ እንደሆነም በመድኃኒቱ ስምና መጠን ይመዝገብ።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ውስጥ ባለ ሦስት ወንበር የጥርስ ክሊኒክ ከወረቀት ካርድ ወደ ኮምፒውተር ልናዛውር ነው። የልየታ ዝርዝሩን ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ከትንሽ ዝርዝር ጀምሩ። ሺህ ቃል ያለው ዝርዝር ከፍታችሁ ብትሰጧቸው ሐኪሞቻችሁ በሁለተኛው ሳምንት “ሌላ” የሚለውን መርጠው በእጅ መጻፍ ይጀምራሉ። ያለፉትን ሦስት ወራት ካርዶች አውጥታችሁ የተጻፉትን ልየታዎች ቁጠሩ፤ ከ40 እስከ 60 ቃላት አብዛኛውን የዕለት ሥራችሁን ይሸፍናሉ። እያንዳንዱን ከዓለም ጤና ድርጅት አይሲዲ ኮድ ጋር አጣምሩ፦ ኢናሜል ላይ ያለ ካሪስ ኬ02.0፣ ዴንቲን የደረሰ ኬ02.1፣ የነርቭ መቆጣት ኬ04.0፣ የነርቭ መሞት ኬ04.1፣ የሥር ጫፍ መግል ኬ04.7፣ የተቀበረ ጥርስ ኬ01.1፣ ፍሎሮሲስ ኬ00.3፣ እያላችሁ ቀጥሉ። ከአሜሪካ የተገዛ ሶፍትዌር ካላችሁ ተጠንቀቁ፤ የአሜሪካው አይሲዲ-10 ከዓለም ጤና ድርጅቱ ይለያል፣ ለምሳሌ ኬ02.1 እዚያ የለም። የጥርስ ቁጥሩንም ገና ሲጫን ወደ ኤፍዲአይ አዙሩት፤ መረጃ ከገባበት በኋላ መቀየር ብዙ ያበላሻል።

ዝርዝሩን በፊደል ተራ ሳይሆን በአካል ክፍል ደርድሩት፦ ጥርስ፣ ነርቭና ሥር፣ ድድ፣ የአፍ ውስጥ ቆዳና አጥንት፣ አደጋ። “ያልተለየ” የሚለው ከየመደቡ መጨረሻ ይቀመጥ። ለድድ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን ምደባ፣ ማለትም ከደረጃ 1 እስከ 4 እና ከኤ እስከ ሲ ያለውን የፍጥነት መለኪያ ተጠቀሙ፤ ግን አይሲዲ-10 አሁንም “ክሮኒክ” የሚለውን የቆየ ስም ስለያዘ ሁለቱ በሁለት ሣጥን ይቀመጡ። በጤና ሪፖርት መላኪያው በዲኤችአይኤስ2 የምትልኩት ወርሃዊ ሪፖርት ከዝርዝራችሁ ሰፋ ያለ መደብ ነው፤ እያንዳንዱ ቃል በየትኛው የሪፖርት መስመር እንደሚቆጠር አንዴ ከተወሰነ በየወሩ መዝገብ ማገላበጥ ይቀራል።

“ሌላ” ተብሎ በእጅ የተጻፈውን በየወሩ አንብቡ። አንድ ነገር አምስት ጊዜ ከተደጋገመ ወደ ዝርዝሩ ይግባ። የገባ ቃል አይሰረዝ፤ ከአገልግሎት ከወጣ ይደበቅ፣ ካለበለዚያ የድሮ መዝገቦች ትርጉም ያጣሉ። በየወሩ እንዲሁ 20 መዝገብ ሳትመርጡ አውጡና ሁለት ሐኪሞች ራጁንና የፍተሻውን ውጤት ብቻ አይተው ልየታውን ይጻፉ። ከተመዘገበው ጋር የማይስማማው የት የት እንደሆነ ስታዩ ማን ጥፋተኛ ነው የሚለውን ተዉት፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቃላት ትርጉማቸው ስላልተለየ ነው። ከእያንዳንዱ ቃል ጎን አንድ መስመር መለያ ጻፉበት።

ለሁሉም ሐኪምና ረዳት የየራሱ መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ይኑረው፤ በአንድ መግቢያ አራት ሰው ከሠራበት ፊርማ የለም። መብራት ሲጠፋ የሚሞላ የወረቀት ቅጽ አዘጋጁ፣ እሱም ላይ ያው ዝርዝር በያው ቁጥር ይታተም፤ መብራት ሲመጣ ያየው ሰው ራሱ በዚያው ቀን ያስገባ። ሰርቨሩ መብራት ሲጠፋ በሚያቆየው ዩፒኤስ ላይ ይሁን፣ ቅጂው በየማታው በሁለት ቦታ ይቀመጥ፣ አንዱ ከክሊኒኩ ውጭ። በወር አንዴ ደግሞ ከቅጂው አንድ የበሽተኛ መዝገብ መልሳችሁ ክፈቱ፤ ራጁ፣ የጥርሱ ቁጥርና ልየታው ሦስቱም አብረው ከተከፈቱ ቅጂው ሠርቷል።